ጎጃም ሰው የገባው ጤፍ ተሸክሞ ነው እንዴ?

ሰሞኑን ደብረ ማርቆስ ላይ በተካሄደ አንድ ስብሰባ ከመድረክ የተወረወረች ንግግር እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣችም። ተናጋሪው ስለ ቅድመ ታሪክ የጋራ ጥናት ሲጠየቁ፣ "ደጋው ጎጃም ብርድ ነው፤ ሰው የሰፈረበት እርሻ ከተጀመረ ወዲህ ነው፤ የጥንት ሰው የሚፈልግ አፋር ይውረድ" አሉ። አዳራሹ አጨበጨበ። እኔ ተቃጠልኩ።

ብርድ? እስቲ ባሌ ድረስ እንሂድ። ፊንጫ ሀበራ የሚባል የድንጋይ መጠለያ አለ፣ 3,469 ሜትር ላይ። በፈረንጆቹ 2019 የወጣው ጥናት ከ47 ሺህ እስከ 31 ሺህ ዓመት በፊት ሰው እዚያ ይሰፍር እንደነበር አሳይቷል፤ ያውም ተራራው በረዶ በተከመረበት ዘመን! ባልጩት እየጠረቡ፣ ግዙፍ ፍልፈል እየጠበሱ። ታዲያ ባሌን የቻለ ሰው እኛው ጎጃም ጮቄ ተራራ ሲደርስ ነው ጋቢ አጥቶ የተመለሰው?

ቆላውም ያው ነው። ከጣና ማዶ፣ መተማ፣ ሽንፋ ወንዝ ዳር ከ74 ሺህ ዓመት በፊት ሰዎች ወንዙ ሲቆራረጥ በየኩሬው የቀረውን ዓሣ እየያዙ ይበሉ ነበር። የሽንፋ ውሃ ዞሮ ዞሮ አባይ ነው የሚገባው። ወንዝ ተከትሎ የሚኖር ሰው የአባይን ሸለቆ ምን ብሎ ይዘለዋል?

እኔን የሚያናድደኝ ግን "የጋራ ጥናት" የምትባለዋ ነገር ናት። የጋራ ማለት ፈረንጁ ይፈርማል፣ የአዲስ አበባው አብሮ ይፈርማል፣ ገበሬው ሳጥን ይሸከማል ማለት ሆኗል። ቆይ፣ ይህን መሬት ከገበሬው በላይ ማን ያውቀዋል? ለጤፍ አራትም አምስትም ጊዜ ይገለብጠዋል፣ ጓሉን ይከሰክሳል፣ ድንጋዩን ለቅሞ ድንበሩ ላይ ይክባል፤ አባቱም አያቱም እንዲሁ ሲያደርጉ ኖረዋል። በእነዚያ ካቦች ውስጥ በሰው እጅ የተጠረበ ባልጩት አለ ባይ ነኝ። ማን ጠይቆ ያውቃል? ዋሻውንስ ቢሆን? ደጀንና ብቸና ላይ ፍየል ሲጠብቅ ያደገ ልጅ፣ በጣሊያን ጊዜ አርበኛ የተደበቀበትን ገደል ሁሉ ካርታ ሳያይ ይነግርሃል።

ቀልድ አይደለም። ጋሞ ላይ የ4,500 ዓመቱ ሰው የተገኘበትን የሞታ ዋሻ ለአጥኚዎቹ ያሳዩአቸው የአገሬው ሰዎች ናቸው፤ በጦርነት ጊዜ መደበቂያቸው ስለነበረ ያውቁታል። (በፈረንጆቹ 2015 ዜናው ሲሰማ "ሞጣ ነው፣ የእኛ ነው" ብሎ የተኩራራ ጎጃሜ ነበር። አንዱ እኔ ነኝ።) የዚያን የጥንት ሰው ስምም በጋሞኛ ባይራ አሉት፣ የበኩር ልጅ ማለት ነው። እንዲህ ነው እንጂ የጋራ!

እሺ፣ የግኝት ዕድሜ የሚለካው ማሽን ብቸና የለም። ይምጣ፣ ወይ ናሙናው ይሂድ፣ ማንም አልከለከለም። ግን ናሙናው ሲሄድ ያሳየው የገበሬው ስም አብሮ ይሂድ። አለዚያ ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል የተባለው እኛው ላይ ነው።

ለሚቀጥለው ስብሰባ እኚያ ተናጋሪ አጠገብ አንድ የደጀን ገበሬ ይቀመጥ። ጭብጨባው ለማን እንደሚሆን ያኔ እናያለን።