የአይጥ ምስክር ድንቢጥ

የመርሳት በሽታ ለሚባለው ለአልዛይመር መድኃኒት አልተገኘም ብሎ የሚያማርር ሰው ቢኖር፣ አይጥ አለመሆኑን ልብ ያላለ መሆን አለበት። አይጦቹማ ድነው ካበቁ ቆይተዋል፤ ያውም አንድ ጊዜ ሳይሆን ደጋግመው። ዛሬ ብዕሬን ያነሣሁት ለዚህ ያበቃንን ልማድ፣ ማለትም በአይጥ ላይ የታየውን ሁሉ ፈጥኖ የማብሰር ልማድ፣ ለማመስገን ነው። እ.ኤ.አ. ከ2002 እስከ 2012 በሰው ላይ ከተሞከሩት 244 ውህዶች ለፈቃድ የበቃው አንድ ብቻ ነው እያሉ ልማዱን የሚነቅፉ ጨለምተኞች አሉ። ጥፋቱ ግን የሰው ነው፤ እንደ አይጥ ለመዳን ፈቃደኛ አልሆነም።

እስቲ የአይጧን ትብብር አስቡት። በተፈጥሮዋ በዚህ በሽታ ስለማትያዝ በሽታውን ከሰው ትዋሳለች። በ2006 ይፋ የሆነችውና በየቤተ ሙከራው የምትወደደው አንዷ ዝርያ አምስት የሰው ዘረ መል ለውጦችን በአንድነት ተሸክማ፣ ገና በሁለት ወሯ በአንጎሏ ውስጥ የበሽታው መለያ የሆነውን፣ አሚሎይድ የተባለውን የፕሮቲን ክምችት ታበቅላለች። እንዲህ ያሉ ለውጦች የሚገኙት በሽታው በዘር በሚወርድባቸው ጥቂት ቤተሰቦች ዘንድ ነው፤ ከመቶ ታማሚ አንዱን እንኳ አይሞሉም። የሰማንያ ዓመት አዛውንት ከደም ግፊታቸውና ከስኳራቸው ጋር ተሸክመውት የሚኖሩትን በሽታ ይህች የወራት ዕድሜ ያላት አይጥ ወክላ ትቀርባለች። እንዲህ ያለውን ውክልና የትኛውም ውልና ማስረጃ ጽሕፈት ቤት አያጸድቀውም ነበር፤ ሳይንስ ግን ቸር ነው።

የፈተናው አሰጣጥ ደግሞ ከሁሉ ይበልጣል። የአንጎል ተመራማሪው ሪቻርድ ሞሪስ በ1981 ለአይጠ መጎጥ ባዘጋጁት ዘዴ፣ ተፈታኟ በውኃ የተሞላ ገንዳ ውስጥ ትጣልና ከውኃው በታች የተሰወረውን መቆሚያ በዙሪያዋ ያሉትን ምልክቶች እያየች ታስታውሳለች። አንዳንድ የአይጥ ዝርያዎች ግን የዓይን ብርሃን የሚያጠፋ ዘረ መል ከወላጆቻቸው ይወርሳሉ። ማየት የተሳናት አይጥ መቆሚያውን ባታገኝ «ረሳች» ተብሎ ይጻፍባታል፤ ዓይኗን አስቀድሞ መመርመር ጊዜ ይፈጃልና። የትኛዋ መድኃኒቱን እንደወሰደች የሚያውቀው ተመራማሪ ራሱ ፈታኝ፣ ራሱ አራሚ ሲሆን ደግሞ ውጤቱ ምን ያህል እንደሚያምር መገመት አያዳግትም። አባቶቻችን «የአይጥ ምስክር ድንቢጥ» ያሉት ቤተ ሙከራ ሳይገቡ መሆኑ እጅግ ያስደንቃል።

ድንበር የሚጥሱ አልጠፉም። በ2012 ቤክሳሮቲን የተባለው የካንሰር መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ የአይጦችን የአሚሎይድ ክምችት ከግማሽ በላይ እንዳጠፋ «ሳይንስ» በተሰኘው መጽሔት ታተመ። ዓለም ገና እልል ብሎ ሳይጨርስ፣ በ2013 አራት ቡድኖች ሙከራውን ደግመው የክምችቱን መቀነስ አላየንም ሲሉ በዚያው መጽሔት ጻፉ። የጨዋ ልጅ የጎረቤቱን ሙከራ ይደግማል? ከዚህ ይልቅ «ኔቸር» የተባለው መጽሔት በ2006 ያወጣው፣ በአይጥ አንጎል ውስጥ የመርሳት መንስኤ የሆነ ፕሮቲን አገኘን የሚለው ጽሑፍ የታየለት ትዕግሥት ይመሰገናል፤ ምስሎቹ ተነካክተዋል ተብሎ እስኪሰረዝ 2024 ደርሷል።

ከሁሉም የሚረቀው አርእስቱ ነው። በ2021 «ፕሎስ ባዮሎጂ» ላይ የወጣ አንድ ጥናት በአይጥ ላይ ስለተደረጉ የአልዛይመር ሙከራዎች የተጻፉ 623 ጽሑፎችን መርምሮ፣ ተመራማሪዎቹ «አይጥ» የሚለውን ቃል ከአርእስታቸው ሲያስቀሩ ጋዜጠኞችም አብዝተው እንደሚያስቀሩት አሳይቷል። ይህ ስምምነት በየትኛውም ስብሰባ ያልተፈረመ፣ ነገር ግን በፍቅር የሚፈጸም ነው።

ይህን ሁሉ ውበት ሊያበላሽ የተነሣ መመሪያም አለ። በ2010 እንግሊዝ አገር ወጥቶ በ2020 የታደሰው «አራይቭ» እንስሳቱ በዕጣ ተመድበው እንደሆነ፣ መዛኙ ማን ምን እንደወሰደ ሳያውቅ መዝኖ እንደሆነ፣ የአይጦቹ ቁጥር በምን ስሌት እንደተወሰነ፣ ከጥናቱ የወጡት ለምን እንደወጡ በግልጽ ይጻፍ ይላል። ምን የሚሉት ጭካኔ ነው! በእንዲህ ዓይነት ጥያቄ ፊት ስንቱ የዳነ አይጥ ተመልሶ እንደሚታመም ማን ይቈጥረዋል?

የመርሳት በሽታ የያዛቸውን አባቱን የሚያስታምም ወዳጄ ባለፈው ስልክ ደውሎ፣ ዜናውን እንዳነበበና መድኃኒቱ የት እንደሚሸጥ ጠየቀኝ። መድኃኒቱስ እውነትም ተገኝቷል፤ ብቻ አባትህ ጅራት እንዳላቸው አረጋግጥልኝ አልኩት።