ዣንጥላ ያዡ ጋርድ ይመስገን

ቱሉ ዲምቱ አደባባይ ላይ ፊሽካ ሲነፋ፣ ሲኖትራኩም አይሱዙውም ጥግ ይዞ ሲቆም፣ ባጃጁ ወደ ኮብልስቶኑ ሲባረር፣ «ማን ሊመጣ ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ወያላ የለም። «ስንት ሰዓት ይለቁናል?» ነው ጥያቄው። አንድ ክቡር ሰው የመሠረት ድንጋይ ሊያስቀምጡ ወይም ችግኝ ሊተክሉ ብቅ ሊሉ ነው። እንዲህ ያለውን ጥበቃ አይቶ አለማመስገን ንፉግነት ነው።

የአጃቢነት ሀሁ «መንገድህንና ሰዓትህን ደብቅ» ይላል። የእኛዎቹ ይህን የፈሪ ትምህርት ከናቁት ቆይተዋል። መንገዱን ከሁለት ሰዓት በፊት ይዘጋሉ፣ ድንኳን ይተክላሉ፣ ሞንታርቦ ይከፍታሉ፣ የክብር ወንበሩን ነጭ ጨርቅ አልብሰው መሃል ያኖራሉ። ክፉ ያሰበ ሰው ቢኖር ፍለጋ እንዳይንገላታ አዝነውለት ነው።

ሰኔ 19 ቀን 1987 ዓ.ም. የግብፁ ፕሬዚዳንት ሆስኒ ሙባረክ ከቦሌ አየር ማረፊያ ወጥተው ወደ ከተማ ሲያመሩ ታጣቂዎች መንገድ ዘግተው ተኮሱባቸው። ያተረፋቸው ጥይት የማይበሳው መርሴዲስና ፈጥኖ ዞሮ ወደ ኤርፖርቱ የመለሳቸው ሾፌር ነው። ለዚህ ነው ባለሙያ መኪናውን አፍንጫውን ወደ መውጫው አዙሮ የሚያቆመው፤ ሞተር አይጠፋም፣ ሾፌር ከመሪው አይነሳም። የእኛ ላንድክሩዘሮች ግን አፍንጫቸውን ድንኳኑ ውስጥ ሊሰኩ ምንም አይቀራቸው፤ አንዱ የሌላውን ኋላ ዘግቶ በሦስት ረድፍ ይገጠገጣሉ። የፊተኛው እንዲወጣ የኋለኛው ሾፌር መፈለግ አለበት፤ እሱ ደግሞ ጥብስ ላይ ነው።

መስታወቱስ! ክላሽ የሚመልስ መስታወት ወደ 4 ሳንቲሜትር ይወፍራል፣ በሩም ወፍራም ብረት የተደረበበት ስለሆነ ለመዝጋት ጉልበት ይጠይቃል። የእኛ ጋርድ በሁለት ጣቱ ገፋ ያደርግና ይዘጋዋል። የተለጠፈ ጥቁር ላስቲክ ነዋ። ከጥይት ባያድን ከሰላምታ ያድናል።

ትልቁ ጥበብ ግን እጅ ላይ ነው። በ1981 እ.ኤ.አ. የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ሮናልድ ሬገን ላይ ስድስት ጥይት የተተኮሰው ሁለት ሰከንድ በማይሞላ ጊዜ ውስጥ ነበር። አንዱ አጃቢ ገፍትሮ መኪናው ውስጥ ከተታቸው፤ ሌላው ክንዱን ዘርግቶ ጥይቱን በገዛ ገላው ተቀበለ። የጋርድ እጅ ባዶ ይሁን የሚባለው ወዶ አይደለም። የእኛን ጋርድ እዩልኝ፦ በቀኙ ዣንጥላ፣ በግራው የክቡርነታቸው ሁለት ስልክና የንግግሩ ፎልደር፣ በብብቱ ሃይላንድ። ኮቱ እስከ ላይ ተቆልፏል። ሽጉጡ ጋ ለመድረስ ዣንጥላውን ማጠፍ፣ ስልኮቹን ለሚታመን ሰው ማስረከብ፣ ሦስት ቁልፍ መፍታት አለበት። አጥቂው ትንሽ ቢታገስ ምን ይጎዳዋል?

ዓይኑም ቢሆን ሥራ አልፈታም። ባለሙያ የሕዝቡን እጅ ነው የሚያየው፤ ኪስ የገባ፣ ነጠላ ሥር የተደበቀ እጅ እንዳያመልጠው። ጥቁር መነጽር የሚያደርገውም ወዴት እንደሚያይ እንዳይታወቅበት ነው። የእኛው መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፣ ለሕዝቡ ጀርባውን ሰጥቶ፣ አለቃውን ያያል። ሲስቁ ይስቃል። ሲያጨበጭቡ ዣንጥላውን በአገጩ ደግፎ ያጨበጭባል። ፒክአፑ ላይ ያለው ባለክላሽ ደግሞ አፈሙዙን ወደ መሬት መድፋት ሲገባው የታክሲ ሰልፈኛውን ደረት ሲቆጥር ይውላል። ሕዝባዊነት ይሏል ይህ ነው።

ከሁሉም የሚያሰጋው ከመድረክ እስከ መኪናው በር ያለችው አጭር መንገድ ናት። የእስራኤሉ ጠቅላይ ሚኒስትር ይስሐቅ ራቢን በ1995 እ.ኤ.አ. ቴል አቪቭ ላይ የተመቱት ወደ መኪናቸው ሲሄዱ ነው። እዚህ ላይ ጋርዶቻችን እንደ አራስ ነብር ይሆናሉ። ሰልፊ የሚነሳው ጎረምሳ የክቡርነታቸውን ትከሻ አቅፎ ያልፋል፤ ማንነቱን የጠየቀው የለም። የይዞታ ማመልከቻ በፌስታል ጠቅልለው የመጡት አሮጊት ግን በክርን ወደ ቦዩ ይገፋሉ። ወረቀት አደገኛ ነገር ነው፤ ፊርማ ይጠይቃል።

ከዚያ ሳይረን ይጮሃል፣ ሁሉም እየሮጠ ይሳፈራል፣ በር በር ላይ ይዘጋል። አጀቡ ግን ንቅንቅ አይልም። የኋለኛው መኪና ሾፌር ገና እጁን እየታጠበ ነው።