ህልም ፈርተው የማይተኙ ሰዎች

«ህልም ተፈርቶ ሳይተኛ አይታደርም» ይባላል። ለማደፋፈር የተነገረ ነው፤ ነገር ግን ህልም ፈርተው ሳይተኙ የሚያድሩ ሰዎች አሉ። መብራቱን ሳያጠፉ፣ ስልካቸውን እየነካኩ፣ እንቅልፍ በግድ እስኪጥላቸው ድረስ ይቆያሉ። ሌሊት ያሳደዳቸው ነገር ቀን ደረታቸው ላይ ተቀምጦ ይውላል፤ በር ሲንኳኳ ይደነግጣሉ፤ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ጭንቀቱ እንደገና ይጀምራቸዋል። ምን እንደሆኑ ሲጠየቁ ግን «እንቅልፍ እምቢ አለኝ» ብለው ያልፋሉ። ቅዠት ነው ማለት ያሳፍራቸዋል፤ የልጅ ነገር ይመስላቸዋል።

ተመላልሶ የሚመጣ ቅዠት ራሱን የቻለ የጤና ችግር ነው። እንደ ጥርስ ሕመም ሁሉ ለሐኪም ሊነገር ይገባዋል።

ብዙዎቻችን ግን ከሐኪም በፊት ህልም ፈቺ እንፈልጋለን። እባቡ ጠላት ነው፣ ጎርፉ መከራ ነው የሚል ወዳጅ አይጠፋም። ቀድሞውኑ የተጨነቀ ሰው በዚህ ፍቺ ምን ያተርፋል? ከአንድ ፍርሃት ሁለት ፍርሃት ይዞ ይመለሳል። ሊጠየቅ የሚገባው ምን ማለት እንደሆነ ሳይሆን በሳምንት ስንት ጊዜ እንደሚመጣ፣ ከመቼ እንደጀመረና የቀኑን ሥራ ምን ያህል እንደሚያውክ ነው።

ዐይን ከቆቡ ሥር በፍጥነት የሚንቀሳቀስበትን የእንቅልፍ ክፍል የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎቹ ዩጂን አሴሪንስኪና ናትናኤል ክላይትማን በ1953 እ.ኤ.አ. ይፋ አደረጉ። ጥርት ያለ ህልም በብዛት የሚታየው በዚህ ክፍል ነው፤ ወደ ንጋት ሲቃረብም እየረዘመ ይሄዳል። ስለዚህም አስደንግጦ የሚያነቃንና በደንብ የምናስታውሰው ቅዠት ብዙውን ጊዜ የንጋት ጎረቤት ነው። ቅዠቱን ፈርቶ ራሱን እንቅልፍ የነሳ ሰው በመጨረሻ ሲተኛ አንጎሉ የተነፈገውን ይህንኑ ክፍል አብዝቶ ይወስዳል፤ ህልሙም ይበረታል። ጠጥቶ መተኛትም ያው ነው። አልኮል በሌሊቱ መጀመሪያ ህልሙን አፍኖ ይይዘውና ከሰውነት ሲወጣ ይለቀዋል። መጠጡ እንቅልፍ ሰጠኝ የሚል ሰው በዘጠኝ ሰዓት ሌሊት በላብ ተነክሮ የሚነቃው ለዚህ ሊሆን ይችላል።

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ መፍትሔ እያለ የሚሰቃየው ሰው ብዛት ነው። በቀን ብርሃን ቅዠቱን ጽፎ፣ ታሪኩን እንደፈቀዱ ለውጦ፣ አዲሱን ታሪክ በየቀኑ ለጥቂት ደቂቃዎች በሐሳብ መለማመድ የሚባል ሕክምና አለ። በቅዠቱ ጉሮሮው ተዘግቶ መጮኽ የሚያቅተው ሰው በአዲሱ ታሪክ ይጣራል፤ የሚወደው ሰውም «አቤት» ይለዋል። በጣም ቀላል ስለሚመስል ሲሰሙት ያጠራጥራል። ሆኖም ባሪ ክራካውና ባልደረቦቹ በ2001 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት የወሲብ ጥቃት የደረሰባቸው ሴቶች በሦስት ክፍለ ጊዜ ብቻ ይህንን ተምረው ቅዠታቸው ቀንሶላቸዋል። የአሜሪካ የእንቅልፍ ሕክምና አካዳሚም ለቅዠት ሕመም ይመክረዋል። ክኒን ግን እንደዚህ አስተማማኝ አይደለም፤ ፕራዞሲን የተባለው የደም ግፊት መድኃኒት ለአንዳንዶች ቢታዘዝም፣ በ2018 እ.ኤ.አ. በታተመ ትልቅ የቀድሞ ወታደሮች ጥናት ከማስመሰያ ክኒን የተሻለ ሆኖ አልተገኘም።

ሐኪም ዘንድ መሄድ ሌላም ጥቅም አለው። የቅዠቱ መነሻ የሚወሰድ መድኃኒት ሊሆን ይችላል፤ አንዳንድ የደም ግፊትና የድብርት መድኃኒቶች ይህን ያመጣሉ። (በራስ ውሳኔ ማቋረጥ ግን ሌላ አደጋ አለው።) በእንቅልፍ ውስጥ ትንፋሽ መቆራረጥ፣ ያለፈ ጥቃት ወይም አደጋ ትቶት የሄደው ጠባሳም ሊሆን ይችላል። ህልሙን እየተከተለ የሚራገጥና የሚማታ ሰው ደግሞ የነርቭ ምርመራ ያስፈልገዋል። ከቅዠቱ ጋር ራስን የማጥፋት ሐሳብ የሚመጣበት ሰው ቀጠሮ መጠበቅ የለበትም፤ በዚያው ቀን ለሚያምነው ሰው ይናገር፣ ወደ ድንገተኛ ሕክምናም ይሂድ።

በመጀመሪያው ቀን የህልሙን ታሪክ መተረክ ግዴታ አይደለም። የሚያሳፍረውን ወይም የሚያስለቅሰውን ክፍል ለራስዎ ማቆየት ይችላሉ። «በሳምንት አራት ሌሊት ቅዠት ያነቃኛል፤ ለመተኛት እፈራለሁ» ማለት ብቻ ለሐኪሙ በቂ መነሻ ነው።