ማስተካከያ፦ የእርቃን ፎቶ ያለፈቃድ ማጋራት በእንግሊዝ ስንት ያስቀጣል?

«በእንግሊዝና በዌልስ የፍቅረኛውን የእርቃን ፎቶ ያለፈቃዷ ያጋራ 2 ዓመት ይታሰራል፤ ለመጉዳት አላሰብኩም ካለ ግን ነጻ ይወጣል» የሚል መረጃ ሲዘዋወር ነበር። ሁለቱም መስተካከል አለባቸው።

2 ዓመት ጣሪያው እንጂ ለሁሉም የሚሰጥ ፍርድ አይደለም። ጥፋቱን ገና ከጅምሩ ላመነ ደግሞ ቅጣቱ እስከ አንድ ሦስተኛ ሊቀነስለት ይችላል።

ይበልጥ የሚያሳስተው ሁለተኛው ነው። ለመጉዳት ማሰቡ መረጋገጥ አለበት ይል የነበረው የ2015ቱ ሕግ ነው። ከጃንዋሪ 31 ቀን 2024 ወዲህ ለሚፈጸም ድርጊት ግን ያ አይሠራም። አሁን ያለፈቃድ ማጋራቱ ብቻውን ወንጀል ነው፤ እስከ 6 ወር ያሳስራል። ለማሳቀቅ፣ ለማዋረድ ወይም ለወሲባዊ እርካታ ከሆነ እስከ 2 ዓመት ይደርሳል። እሷ ራሷ የላከችለትን ፎቶ ጓደኞቹ ላሉበት የዋትስአፕ ግሩፕ «እዩዋትማ» ብሎ የለቀቀ ሰው፣ «ስቀልድ ነው» ስላለ አያመልጥም። ለእሱ ላከች ማለት ለሁሉም ፈቀደች ማለት አይደለማ! በኤአይ የተቀነባበረ ፎቶም ያው ነው።

«እለቀዋለሁ» ብሎ ማስፈራራትም እስከ 2 ዓመት ያስቀጣል። ዐቃቤ ሕግ ፎቶው በእርግጥ መኖሩን እንኳ ማስረዳት አይጠበቅበትም። ብዙዎች ይህን አያውቁም።

ስኮትላንድ የራሷ ሕግ አላት፤ እዚያ ጣሪያው 5 ዓመት ነው። በፎቶው ላይ ያለችው ከ18 ዓመት በታች ከሆነች ደግሞ ጉዳዩ በሕፃናት ጥበቃ ሕግ ይታያል፤ ቅጣቱም ከዚህ እጅግ ይከብዳል።