የቀጥቃጩ ስም

የምሠራው ሜሪላንድ ውስጥ ባለ አንድ ክሊኒክ፣ ካርድ ክፍል ነው። ቀኑን ሙሉ ስም ስጠራ እውላለሁ። ከስም ሁሉ የሚያስቸግረኝ ስሚዝ ነው። "ሚስተር ስሚዝ!" ስል አንዳንድ ቀን ሦስት ሰው አብሮ ይነሳል። የልደት ቀን ጠይቄ ነው የምለያቸው።

ባለፈው እንደዚሁ ሦስት ተነስተው ሁለቱ ተቀመጡ። አንድ ጥቁር አሜሪካዊ ሽማግሌ ወደ መስኮቴ መጡ። ደረቴ ላይ የተንጠለጠለውን ስሜን አነበቡና ትርጉሙን ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። "የእኔስ በእናንተ ቋንቋ ምን ይባላል?" አሉኝ።

ስሚዝ ብረት የሚቀጠቅጥ ባለሙያ ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። ግን መልሱ ከአፌ አልወጣ አለኝ። ጠይብ ልበላቸው? ቀጥቃጭ? ሁለቱንም ልጅ ሆኜ የማውቃቸው በስድብነታቸው ነው። "ብረት ሠሪ" ብዬ አለፍኩት። ነገሩ ግን አብሮኝ ቤት ገባ።

ስሚዝ ዛሬ በእንግሊዝም፣ በአሜሪካም፣ በአውስትራሊያም ከቤተሰብ ስሞች ሁሉ በብዛት አንደኛ ነው። በ2010 እ.ኤ.አ. በተደረገው የአሜሪካ ሕዝብ ቆጠራ ብቻ ከ2 ሚሊዮን 400 ሺህ በላይ ሰው ስሚዝ ተብሎ ተመዝግቧል። ታዲያ በጥንቷ እንግሊዝ ከገበሬ ይልቅ ብረት ሠሪ በዝቶ ነበር ማለት ነው? አይደለም። ምክንያቱ የተገላቢጦሽ ነው። መንደሩ በሙሉ ገበሬ ከሆነ "ገበሬው ጆን" ቢሉት ማንን ከማን ይለያል? ብረት ሠሪው ግን በየመንደሩ አንድ ነው። "ጆን ስሚዝ" ካሉ ሁሉም ያውቀዋል። እንዲህ ያለ መንደር ደግሞ በአገሩ ሁሉ በሺህ የሚቆጠር ነበር።

መጀመሪያ ላይ መለያ ብቻ ነበር። ኖርማኖች እንግሊዝን ከያዙበት ከ1066 እ.ኤ.አ. በኋላ ባሉት ሦስት መቶ ዓመታት ግን መለያው ቀስ እያለ ከአባት ወደ ልጅ የሚወረስ ስም ሆነ። ከ1377 እስከ 1381 እ.ኤ.አ. የነፍስ ወከፍ ግብር ሲጣል መዝጋቢዎቹ ሰውን ከነሙያው ጻፉት። ልጁ ዳቦ ጋጋሪ ቢሆንም ስሚዝ ሆኖ ቀረ።

ሌሎቹም እንደዚሁ ናቸው። ቴይለር ልብስ ሰፊ ነው። ዊቨርም ዌብስተርም ሸማኔ ናቸው። ፖተር ሸክላ ሠሪ ነው። ታነር ደግሞ ፋቂ! እዚህ ታነር የሚባል ሐኪምም ዳኛም ብታገኙ ማንም አይገረምም። እኛ አገር አንድን ሰው ፋቂ ማለት ምን እንደሆነ ለአንባቢ መንገር አያስፈልግም።

ብረት ሠሪው በሌላውም አገር ስሙን አስወርሷል። ጀርመን ሽሚት ይለዋል። ሀንጋሪ ኮቫች፣ ሩሲያ ኩዝኔትሶቭ፣ ዓረብ ሐዳድ። በመኪናው የምናውቀው ፌራሪም ያው የብረት ሠሪ ስም ነው።

አውሮፓ ብረት ሠሪን አይፈራም ነበር ማለቴ አይደለም። ለቅዱስ ፓትሪክ የሚሰጠው ጥንታዊ የአየርላንድ ጸሎት ከሴቶች፣ ከብረት ሠሪዎችና ከጠንቋዮች ድግምት ጠብቀኝ ይላል። ይህን ሳነብ የእኛው ክታብ ትዝ አለኝ። ከእሳት ፊት ቆሞ ድንጋይ የመሰለውን ነገር አቅልጦ ስለት የሚያወጣ ሰው እዚያም አስፈርቷል። እነሱ ግን ፍርሃቱን ጥለው ስሙን ያዙ።

እኔ ባደግኩበት ገጠር ከወንዙ ማዶ አንድ ብረት ሠሪ ነበር። ማረሻችን በዶለዶመ ቁጥር አባቴ እኔን ይልከኝ ነበር። ጎጆው ዝቅ ያለች፣ ግድግዳዋ በጥቀርሻ የጠቆረ ነው። ልጁ ሁለቱን የፍየል ቆዳ ወናፎች ተራ በተራ ይጫናል። ከሰሉ ይግማል። ሰውየው የጋለውን ማረሻ በጉጠት ይዞ መስፉ ላይ ያጋድመዋል። ከዚያ መዶሻው ይጀምራል። ጫፉ እያየሁት ይሾላል። ውሃ ውስጥ ሲነክረው የሚወጣው ድምፅ አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ።

ቤት ስመለስ ግን "እዚያ ምንም አልቀመስክም አይደል?" ይሉኝ ነበር። በእሱ ፊት መብላት ክልክል ነው። ቡዳ ነዋ! ሌሊት ጅብ ይሆናል ይባል ነበር። ያረስነው እሱ ባሾለው ማረሻ ነው። ያጨድነው እሱ በሠራው ማጭድ ነው። ሰርግና ማኅበር ላይ ግን አይጠራም። ልጁን ከሙያው ውጭ ላለ ቤተሰብ መዳር አይችልም ነበር። በብዙ ቦታ ደግሞ እንደሱ ያሉ ባለሙያዎች ርስት አልነበራቸውም።

የቤተ እስራኤል ወገኖቻችንም ይህን ያውቁታል። በጎንደር ዙሪያ ወንዶቹ ብረት ቀጥቅጠው፣ ሴቶቹ ሸክላ ሠርተው አገሩን ሲያገለግሉ የተሰጣቸው ስም ቡዳ ነው። ዛሬ እስራኤል ውስጥ የሚኖሩ ብዙ ሽማግሌዎች ይህን ቁስል ይዘው ነው የሄዱት።

የሚያንገበግበኝ ቃሉ ራሱ ነው። ጠይብ የሚለው ስድብ ጠቢብ ከሚለው ቃል የመጣ ነው። ቅኔያችንስ? ሰምና ወርቅ ብለን የምንኮራበት አነጋገር የተወሰደው ከወርቅ አንጥረኛ ቤት ነው። አንጥረኛው በሰም ቅርጽ ይሠራል። በጭቃ ይሸፍነዋል። በእሳት ሰሙን አቅልጦ ያወጣና በቦታው የቀለጠ ወርቅ ያፈስበታል። የጥበባችንን ስም ከእሱ ወሰድን። እሱን ግን ከማዕድ አራቅነው።

ይህን ጥፋት አይተው የተናገሩም ነበሩ። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ባለሙያን በሥራው መስደብ ከለከሉ። ብረት የሚሠራውን ጠይብ፣ ሸማ የሚሠራውን ሸማኔ እያላችሁ አታንቋሹ ማለታቸው ነው። አዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። እኔ ግን እሳቸው ካለፉ ከብዙ አሥርት ዓመታት በኋላ ተወልጄ ያንኑ ስድብ ሰምቼ አደግኩ።

ሽማግሌው ከሦስት ሳምንት በኋላ ለቀጠሮ ተመለሱ። ወረፋ ስላልነበረ ትንሽ አወራን። ስማቸው የአያታቸው አባት ባሪያ ሆነው ከኖሩበት እርሻ ባለቤት የመጣ ነው አሉኝ። ከቤተሰባቸው ብረት የነካ ሰው ይኑር አይኑር አያውቁም። በዚያው በ2010ሩ ሕዝብ ቆጠራ ከአሜሪካ ስሚዞች ከመቶው 23 ያህሉ ጥቁሮች ናቸው። ስሚዝ የሚለው ስም ለሁሉም የኩራት ስም እንዳልሆነ ያን ቀን ገባኝ። "ስሙ ያንተ ካልሆነ የማን እንደነበር ለማወቅ መጠየቅ አለብህ" አሉኝ። እሳቸው የሚያወሩት ስለ ራሳቸው ነበር። እኔን ግን ወንዝ ማዶ ያለው ሰው ትዝ አለኝ። ስሙን አላውቀውም! ያን ሁሉ ዓመት ማረሻ ይዤ ስመላለስ "ጠይቡ ጋ ሂድ" ነው የተባልኩት። እንግሊዝ ሙያውን ስም አደረገችለት። እኛ በሙያው ስሙን ሸፈንነው።

እሁድ ለእማዬ ደወልኩ። "ወንዝ ማዶ የነበረው ብረት ሠሪ ስሙ ማን ነበር?" አልኳት።

"ጠይቡ?" አለች።

"አዎ፣ ስሙ።"

ዝም አለች። "ምን አስታወሰህ ልጄ? እሱ እኮ ከሞተ ቆየ። ልጁ አዲስ አበባ ገብቶ ብየዳ ይሠራል አሉ፣ ምናለሽ ተራ።" ከዚያ ጎረቤት ጠይቄ እነግርሃለሁ ብላ ዘጋች።

በሁለተኛው ቀን ራሷ ደወለች። ስሙን ነገረችኝ። ጥሩ ስም ነው፣ እናት ተደስታ የምታወጣው ዓይነት። ወረቀት ላይ ጻፍኩት። የአባቱንስ ስም አልኳት። የሰፈሩን ሽማግሌዎች አንድ በአንድ ጠይቃ ነበር። የሚያውቅ አልተገኘም።