«ኮምፒውተሩ አይደል የሚሠራው?»

«አንዲት ቃል ብቻ ቀይሩልን፤ ደግሞስ ኮምፒውተሩ አይደል የሚሠራው?» አሉን ትናንት የልጆች ካርቱን የምንሠራለት የቴሌቪዥን ጣቢያ ሰው በስልክ። ይህን የምጽፈው ደብረ ብርሃን ላይ፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት፣ ጋቢ ተከናንቤ ነው። አንጀቴ አርሯል።

የምንሠራው እኛ ነን! አንድ ሰከንድ 24 ፍሬም፣ ማለትም ተከታትሎ የሚያልፍ ነጠላ ምስል፣ አለው፤ አንዱን ሥዕል ለሁለት ፍሬም እያቆየን እንኳ የ11 ደቂቃው ክፍል 7,920 ሥዕል ይፈልጋል። እኛ አራት ሰዎች ነን።

ጀግናችን የመንዝ ልጅ ስለሆነች ካባዋ በርኖስ ነው። መጀመሪያ እንደ ሐር ሲርገበገብ ሣልነው፤ ውሸት ሆነ። በርኖስ የበግ ፀጉር ነው፤ ይከብዳል። ስለዚህ ጎረቤታችን ጋሼን በርኖሳቸውን አስለብሰን ጉብታ ላይ ወጣን። «ጋሼ፣ እባክዎ አንድ ጊዜ ይድገሙልን» ስንላቸው «ለልጆች ከሆነማ» እያሉ ሰባት ጊዜ ሮጡልን። ቀርፀን ስናየው ነፋሱ የሚያነሣው ጫፉን ብቻ ነው፤ ትከሻው ላይ ንቅንቅ አይልም፤ እሳቸው ከቆሙ በኋላ ጨርቁ ዘግይቶ ይወርዳል። ያችን መዘግየት ለመሣል ሁለት ሳምንት ፈጀብን። የምትታየው ለስምንት ሰከንድ ነው።

ድምፁ ከሥዕሉ ይቀድማል። ክረምት ነውና ቆርቆሮው ላይ የሚወርደው ዝናብ እስኪያባራ ጠብቀን፣ ግድግዳውን በብርድ ልብስ ሸፍነን፣ እኩለ ሌሊት ላይ ቀረጽን። ተዋንያኑን አንድ ላይ አቆምናቸው። እ.ኤ.አ. በ1992 የጀመረው የባትማን ተከታታይ ካርቱን ተዋንያንም እንዲሁ አብረው ነበር የሚቀረጹት፤ ሰው ለሰው ሲመልስ ንግግሩ ነፍስ ይዘራል።

አሁን ጀግናችን በዚያችው ስምንት ሰከንድ የምትለውን «ቆዩኝ» «ጠብቁኝ» አድርጉት ይሉናል። «ቆዩኝ» ሲባል ከንፈር ወደ ፊት ይሾላል እንጂ አይገጥምም። «ጠብቁኝ» ውስጥ ግን «ብ» አለች፤ ከንፈሩን ሳይገጥም «ብ» የሚል ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? አፏ እንደገና ይሣላል፣ ከአፏ ጋር ጉንጯ፣ በድምፁ ልክ የተሰፈረው በርኖስም አብሮ። ኮምፒውተሩ የሚገባው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፤ የተሣለውን አቀናብሮ አንዱን ፍሬም ለማውጣት ሁለት ደቂቃ፣ ስምንቱን ሰከንድ ለማውጣት ከስድስት ሰዓት በላይ ይወስድበታል። ትናንት መብራት ሁለት ጊዜ ጠፍቶ ሁለቴ ከመጀመሪያው ጀመርን።

የጣቢያው ሰዎች፣ የንግግሩን ጽሑፍ ግንቦት ላይ ልከንላችሁ፣ አንብባችሁ ፈርማችሁበታል። ያኔ ብትነግሩን አንድ ስርዝ ይበቃ ነበር። ቃሏን እንደገና የምትቀረጸው ተዋናይት አሁን ወላጆቿ ዘንድ መሐል ሜዳ ናት። መጓጓዣዋን ማን ሊከፍል ነው?