«አንብቤዋለሁ፣ በቲቪ»

ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ በሚወጣ ሚኒባስ ውስጥ መጽሐፍ ገልጦ መቀመጥ ድፍረት መሆኑን ባለፈው ሳምንት ተረዳሁ። ሐረጎን እየወጣን ነው። መኪናው ያቃስታል፣ ረዳቱ ሒሳብ ይሰበስባል። አጠገቤ የተቀመጠ ወጣት አንገቱን አስግጎ ከገጹ ላይ ትንሽ አነበበና፣ «ጋሼ፣ ልጅቷን እንዲህ አድርጎ ነው እንዴ የጻፋት? ተሳስቷል! ድራማው ላይ እኮ እንዲህ አይደለችም» አለኝ።

መጽሐፉ «ፍቅር እስከ መቃብር» ነው። በ1958 ዓ.ም. የታተመ። ሐዲስ ዓለማየሁ ሰብለ ወንጌልን ከራሳቸው ጭንቅላት አውጥተው፣ በራሳቸው ብዕር ጽፈው፣ ይኸው ዛሬ ሐረጎ ላይ ተሳሳቱ።

«ምን ያድርጉ፣ ያኔ ድራማውን አላዩት» አልኩት።

«እሱስ እውነትዎን ነው ጋሼ» አለ። ከልቡ አዘነላቸው።

ስለዚህ ይህ የምስጋና ጽሑፍ ነው። «ፊልሙን አይቼዋለሁ» የምትሉ ወገኖቼ ሆይ፣ ውለታችሁ አለብን። ከስንት ድካም ገላገላችሁን! ድሮ ደራሲ «ቆንጆ ነበረች» ብሎ ጽፎ ዘወር ይላል። ቀሪው ሥራ የአንባቢ ነው። ይህ ነገር ወሎ ውስጥ ምን ያህል ጣጣ እንደሚያመጣ አስቡት። «ቆንጆ» በተባለች ቁጥር አንዱ የአምባሰሏን ያስባል፣ አንዱ የወረባቦዋን፣ አንዱ የቦረናዋን። ሌላው ደግሞ የአክስቱን ልጅ ያስባል፣ ለማንም ግን አይናገርም። አሁን ጭቅጭቁ አለቀ። ተዋናይዋ ተመርጣለች፣ የአክስት ልጆች ሁሉ በክብር ተሰናብተዋል።

ይሄው መጽሐፍ በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በሬዲዮ ሲተረክ ጊዜ እንዴት ኋላ ቀር ነበርን! ድምፁ አንድ፣ ጉዱ ካሣ ግን በየቤቱ ሌላ። እኛ ቤት ቀጭን ነው፣ ጎረቤት ቤት ባለ ትልቅ ጺም። ልክ አይደለህም ብሎ ማንም ማንንም አላረመም። ሥርዓት አልነበረም ማለት ነው።

ድራማ የሠሩትን ሰዎች አልወቅስም። እነሱ መጽሐፉን አንብበው የታያቸውን አሳዩ። ምስጋናዬ ለተመልካቹ ነው። ለአንድ ሰው የታየውን አይቶ ሲያበቃ የሌላውን ሁሉ ዓይን ለማረም ለሚነሳው።

ይህ ጀግንነት የእኛ ብቻም አይደለም። ሜሪ ሼሊ እ.ኤ.አ. በ1818 ባሳተመችው «ፍራንከንስታይን» ውስጥ ያለው ፍጡር ጸጉሩ ጥቁር ረጅም ነው፣ ጥርሱ ነጭ ነው፣ አንደበቱ ይጣፍጣል፣ መጽሐፍም ያነባል። እ.ኤ.አ. የ1931 ፊልም መጣና አናቱን ጠፍጣፋ፣ አንገቱን ባለ ብሎን አደረገው። አንደበቱንም ወሰደበት። ዓለም ዛሬ የሚያውቀው ባለ ብሎኑን ነው። በዚያ ላይ ፍራንከንስታይን ብሎ ይጠራዋል፤ ስሙ ግን የሠሪው ነበር። የሚያነበውን ፍጡር የማያነብ አድርጎ ማቅረብ! ተመልካች ብቸኝነት እንዳይሰማው ታስቦ ይሆናል።

የሽፋን ሠዓሊዎቻችንን ሳላመሰግን ባልፍ ደግሞ ግፍ ነው። በተለይ ስለዚያች ሴት። ታውቋታላችሁ። ግማሽ ፊት፣ አንድ ዓይን፣ ግራ ጉንጯ ላይ አንዲት ዘለላ እንባ፣ ከኋላዋ የምትጠልቅ ጀምበር። ፒያሳ መንገድ ዳር መጽሐፍ ዘርግቶ የሚሸጥ ልጅ ዘንድ ብትሄዱ ከሸራው ላይ በየአቅጣጫው ታያችኋለች። የፍቅር መጽሐፍ ላይ ታለቅሳለች። እሺ፣ ፍቅር ነው። የጦርነት መጽሐፍ ላይ ታለቅሳለች። ይሁን፣ ባሏ ዘምቶ ይሆናል። የስለላ መጽሐፍ ላይ ስታለቅስ ግን ጉዱን ልይ ብዬ ገዛሁት። ውስጡ ሴት የለችም! ከዳር እስከ ዳር ወንዶች ሲባረሩ ያልቃል። የት ገብታ እንደምታለቅስ ስፈልግ ጨረስኩት። ሌላኛው ላይ ባለታሪኳ አሮጊት ናት፣ ምርኩዝ ይዛ ነው የምትሄደው። ሽፋኑ ላይ ያቺው ኮረዳ ታለቅሳለች። እርጅናዋ አስቀድሞ ታይቷት ይሆናል። አንዷ ባለታሪክ ደግሞ በልጅነቷ ግራ ዓይኗ ጠፍቷል፤ ታሪኩ የሚያጠነጥነውም በዚሁ ላይ ነው። ሠዓሊው ምን ገዶት! ግራ ዓይኗን ኩል ኩሎ እንባዋን ከዚያው አወረደላት።

ደግሞ እኮ እንባዋ አይወድቅም። ጎልማሳ ሆኜ አየሁት፣ ጸጉሬ ሸበተ፣ የመጽሐፍ ዋጋ ስንት እጥፍ ሆነ፣ እንባው እዚያው ጉንጯ ላይ ነው። ሁለተኛ ዘለላም አልተጨመረላት። ቀለም ተወዷል መሰለኝ። ታሪኩ የወሎ ከሆነ ብቻ ትንሽ ለውጥ ይደረግላታል። ሹሩባ ትሠራለች፣ እንስራ ታዝላለች። ባለታሪኳ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ የሒሳብ ሠራተኛ ብትሆንም እንስራዋን አታወርድም። ደመወዝ የምትከፍለውም አዝላው ሳይሆን አይቀርም።

ፍራንዝ ካፍካ እ.ኤ.አ. በ1915 ለአሳታሚው የጻፈው ደብዳቤ አለ። አንድ ሰው ጠዋት ሲነቃ ነፍሳት ሆኖ ስለሚያገኝበት ታሪኩ ነው። ሠዓሊው ነፍሳቱን ጨርሶ እንዳይስለው፣ ከሩቅ እንኳ እንዳያሳየው ለመነ። ምስኪን፣ ያለ አገሩ ነው የለመነው። የእኛ ሠዓሊዎች ቢሆኑ ትእዛዙን በደስታ ያከብሩለት ነበር። ነፍሳቱን ትተው ሴትዮዋን ያስቀምጡለታል። ከነእንባዋ።

ሥዕል ጠልቼ አይደለም። የሥዕል አገር ሰው ነኝ። ሐይቅ እስጢፋኖስ ያለው የአባ ኢየሱስ ሞዓ ወንጌል ከ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ ባለ ሥዕል ነው። የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎች በቆየው ልማዳቸው ጻድቁን ሁለቱም ዓይኖቹ እንዲታዩ፣ ክፉውን ግን ከጎን ባንድ ዓይኑ ይስሉታል። ማን ምን እንደሆነ ለይተው ነው ቀለም የሚነክሩት። በዚህ ደንብ ከሄድን ባለ አንድ ዓይኗ የሽፋን እመቤት ከእነማን ወገን እንደምትመደብ ለእናንተ ትቻለሁ።

የወንድሜ ልጅ ገና ፊደል መቁጠሯ ነው። አያቷ የነገረቻትን ተረት ስትስል አጠገቧ ተቀምጬ ነበር። የተረቷን ልጅ መጀመሪያ በጥቁር እርሳስ ሹሩባ ሠራቻት። ታምር ነበር። ቆይታ ላጲስ አነሳች። ወረቀቱ እስኪሳሳ ፈገፈገችውና ጸጉሩን ቢጫ አደረገችው። ለምን አጠፋሽው ስላት፣ «የመጽሐፍ ልጅ እንዲህ ናታ!» አለችኝ። እርሳሶቿን አየሁ። ቢጫው አልቆ ጉማጅ ሆኗል። ቡናማው ገና አልተቀረጸም። ቤቱን ደግሞ ጭስ ማውጫ አበጀችለት፣ ጣራው ላይ በረዶ አደረገችበት። በመስኮቱ የሚታየው የጦሳ ተራራ ነው፣ የጎረቤት ዝገት ቆርቆሮ ነው።

ይሄ አያስቅም። የጦጣና የጅብ ተረት በአማርኛ ጽፋችሁ፣ ሥዕሉን ከኢንተርኔት ለቅማችሁ የምትለጥፉ ሰዎች፣ ምን ነካችሁ? አንድ ሠዓሊ ቀጥሮ አንዲት ጥቁር ልጅ ማሳል ይህን ያህል ከበዳችሁ? አያቷ በቃል የሰጠቻትን መልክ እናንተ በስንፍናችሁ ቀማችኋት። እሷ ደግሞ እናንተን አምና የራሷን ልጅ በላጲስ አጠፋች። አሳፋሪ ናችሁ።

ወደ ምስጋናዬ ልመለስ፣ ደሜ ሳይፈላ። በቀደም ምሽት ድራማው ጡዘቱ ላይ ሲደርስ የሰፈሩ መብራት ድርግም አለ። ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ በሬ ተንኳኳ። ጎረቤቴ እትዬ ናቸው፣ ከነልጆቻቸው። «ያ መጽሐፍ አንተ ዘንድ አለ አይደል? በአላህ፣ ምን እንደሆነች ንገረን!» እኔም ደስ ብሎኝ፣ ቡናው ተጥዶ፣ በሞባይል መብራት ማንበብ ጀመርኩ። ሁለት ገጽ ያህል ሄድን። እትዬ በየመሐሉ «ይቺኛዋ የትኛዋ ተዋናይ ናት?» እያሉ ያቋርጡኛል እንጂ ጆሯቸውን ሰጥተውኛል። ልጆቹም ጸጥ ብለዋል። ልክ ጥሩው ቦታ ላይ ስደርስ መብራት መጣ።

እትዬ አቦሏን እንኳ ሳይጨርሱ ብድግ አሉ። «በል ዝጋው ልጄ፣ አላህ ይስጥህ» አሉኝ ጫማቸውን እየፈለጉ። «ዋናው መጣ።»